በጥር የሞላው ወንዝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ኮዬ ፈጬም እንደተውሻት ናት። ትናንት ውሃ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ተነስቼ ጄሪካኑን ሁሉ ሞላሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ስለሚዋደዱባቸው የድሮ የፈረንጅ ልቦለዶች ጽፈሽ የላክሽውን ጽሑፍ አወጣሁና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ዕድሜውን በአራሚነት የጨረሰ ሰው ያለ እርሳስ ማንበብ አይሆንለትም።

በአማርኛ ልመልስልሽ ስል ገና ከመነሻው ቃል ቸገረኝ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ግብረ ሰዶም» የሚለውን ነው። ቃሉ ውስጥ ከተማ ሲቃጠል ይታያል፤ ፍርዱ ከስሙ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር» እያልኩ ልቀጥል፤ ትንሽ የቢሮ ደብዳቤ ቢመስልም። «ሪፕረዘንቴሽን» ያልሽውንማ፣ እነዚህ ሰዎች በመጽሐፍ የሚታዩበትን መንገድ፣ «ውክልና» ልለው አስቤ ሳቄ መጣ። እኔ የማውቀው ውክልና ውልና ማስረጃ ተሰልፈሽ መኪና ለመሸጥ የምትፈርሚው ነው። ግን ሳስበው ነገሩ እዚያው ላይ ነው። እነዚያ የድሮ ደራሲዎች ማንም ውክልና አልሰጣቸውም። የሁለት ሰው ታሪክ ጻፉ። መደርደሪያው ላይ ሌላ መጽሐፍ ስላልነበረ ሁለቱ ሰዎች የሁሉም ተወካይ ሆነው ቀሩ።

አሁን ወደ ጠባችን። በፈረንጆቹ 1952 የወጣውን «ስፕሪንግ ፋየር» የተባለ የአሜሪካ ልቦለድ ጎጂ ነው ብለሽ ፈርደሽበታል። ሁለት ተማሪዎች ይዋደዳሉ፤ መጨረሻ ላይ አንዷ ታብዳለች፣ ሌላዋ ድሮም አልወደድኳትም ትላለች። እውነትሽን ነው፣ ክፉ መጨረሻ ነው። ግን አሳታሚው ያንን መጨረሻ እንዳዘዘ አንቺው ራስሽ በአንድ መስመር ጠቅሰሽ እብስ ብለሻል! ያቺ መስመር እኮ ዋናዋ ናት። መጽሐፉ በፖስታ ነው የሚጓዘው። እንዲህ ያለ ፍቅር ያለ ቅጣት ካለቀ የፖስታ ተቆጣጣሪዎቹ ነውር ነው ብለው ይይዙታል። ስለዚህ አንዷ ማበድ አለባት። ደራሲዋ ማሪጄን ሚከር በብዕር ስም ነው ያወጣችው። ለዓመታት እንደገና እንዲታተም አልፈለገችም። በ2004 ሲታተም ይህንን ሁሉ መቅድሙ ላይ ተናግራለች፤ እኔም አንቺ ከላክሽልኝ ቅጂ ላይ ነው ያነበብኩት።

ነግሬሽ የማላውቀውን አንድ ነገር ልንገርሽ። በ1975 ዓ.ም. አንድ አጭር ልቦለድ ጽፌ ነበር። አዎ፣ እኔ። ጦር ሜዳ ጥሎ በእግሩ ወደ ሚስቱ ስለሚመለስ ወታደር ነው። ረቂቁ ለሳንሱር ገባ። ጠሩኝ። ሰውዬው ቀይ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል። «እና ይሄ ከድቶ ቤቱ ገብቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሊተኛ ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። «ይሙት» አለ። ልክ ነጠላ ሰረዝ እንደሚያስገባ ሰው። ቤት ሄድኩና ገደልኩት። የሰፈሩ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው።

ወሩን ግን አልነካሁትም። ታሪኩ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ጥር ነው። አጨዳው አልቋል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ሴቶች ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ። በጥር የሚሞላ ወንዝ የት አገር ነው ያለው? ሰውዬው አነበበው፣ ማህተሙን መታ፣ አሳለፈው። ከተማ ያደገ መሆን አለበት። ማተሚያ ቤት ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ እርሳስ ፊደሉን እየለቀሙ ቀና ብለው አዩኝና «የኔ ልጅ፣ ሰውዬው ቤቱ ገብቷል አይደል?» አሉኝ። ሰምና ወርቅ ምናምን ብዬ አላደክምሽም። ያን ቀን ግን ደሞዝ የተጨመረልኝ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

ዛሬ አንድ ወጣት ያቺን ታሪክ ቢያነብ «የከዳ ይሙት የምትል ደራሲ» ይለኛል። ምን እላለሁ? የተጻፈው እንደዚያ ነው። ወሩን ቢያይልኝ ግን ደስ ይለኛል።

ያላጎነበሱም አሉ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» የተባለውን ልቦለዱን በፈረንጆቹ 1914 ጨረሰው። ሁለቱ ወንዶች አብረው ይቀራሉ፤ ደስ የሚል መጨረሻ የግድ ነው ብሎ ቆረጠ። ዋጋው ምን ሆነ? መሳቢያ። ወዳጆቹ ብቻ አነበቡት። እንግሊዝ ይህንን የሚከለክለውን ሕግ ያላላችው በ1967 ነው፣ እሱ የሞተው በ1970፣ መጽሐፉ የታተመው በ1971። ሃምሳ ሰባት ዓመት! ፓትሪሻ ሃይስሚዝ ደግሞ በዚያው በ1952 «ዘ ፕራይስ ኦፍ ሶልት» በሚለው ልቦለዷ ሁለቱን ሴቶች ሳትገድል፣ ሳታሳብድ አወጣቻቸው። ግን በብዕር ስም። በራሷ ስም የወጣው በ1990 ነው። አንዷ መጨረሻውን ሰጠች፣ አንዱ ዕድሜውን፣ አንዷ ስሟን።

ሁሉን በቀይ እርሳስ አሳብቢ ማለቴ አይደለም። በጄምስ ባልድዊን ልቦለድ «የጆቫኒ ክፍል» ላይ ያልሽው አሳምኖኛል። ተራኪው እንደ ሴት የሚለብሱትን ወንዶች የሚያይበት ዓይን ያስጠላል። ጥላቻው የተራኪው ነው ወይስ የደራሲው ብለሽ የጠየቅሽው ጥያቄ ከጽሑፍሽ ሁሉ የበለጠው ነው፤ እሱን አስፊው። ትናንት ሌሊት የራሴንም ታሪክ ፈልጌ አነበብኩት። የወታደሩ ሚስት ስም የላትም። ስምንት ገጽ ሙሉ «ሚስቱ» ናት። ያንን ሳንሱር አላዘዘኝም። እኔው ነኝ።

ሌላ ደግሞ «በዚያ ዘመን» እያልሽ ትጽፊያለሽ። እዚህ ያ ዘመን አላለፈም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ዛሬም ያስቀጣል። ዛሬ በአማርኛ እንዲህ ያለ ፍቅር የሚጽፍ ልጅ ቢኖር መጨረሻውን ምን ያደርገዋል ብለሽ ነው? ባለፈው ጎረቤቴ ለቡና ስትመጣ ጽሑፍሽን ከሰፌዱ ሥር ከተትኩት። እጄ ነው የሮጠው፣ እኔ አላዘዝኩትም። ቡናው እስኪያልቅ ዓይኔ ሰፌዱ ላይ ነበር። እሷ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራለች፣ እኔ «እህ» እያልኩ።

ጽሑፍሽን መልሼ ልኬዋለሁ። የፊደል ግድፈቱን አርሜያለሁ፤ «ሀ» እና «ሐ» አሁንም ያጣሉሻል። ገጽ አራት ላይ «ወሩ መቼ ነው?» የሚል በእርሳስ ታገኛለሽ፤ አሁን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የሃይስሚዝን መጽሐፍ ከቻልሽ ላኪልኝ፤ ልጇን የምታጣዋን ሴት ነገር ከጽሑፍሽ ብቻ ነው የማውቀው። በአክስትሽ በኩል ግን እንዳትልኪ። እሷ ሻንጣ ከፍታ ነው የምታነበው።

እናትሽ