ደመወዝ ያልገባበት ሦስተኛው ወር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ባለፉት ሦስት ወራት ገንዘብ ያልላክሁት ረስቻችሁ ወይም አባክኜው እንዳይመስልዎት፤ የምጫወትበት የእግር ኳስ ክለብ ደመወዛችንን ስላልከፈለን ነው። ይህን በስልክ ለመናገር አፍሬ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜን አንድ ወኪል ለሙከራ ሊወስደው እንዳሰበ ከሰማሁ ወዲህ ግን ዝምታዬ በደል ሆኖ ተሰማኝ።

ሥራዬን እንደማልጠላው በቅድሚያ ይወቁልኝ። ጠዋት ሜዳው ገና ጤዛ እንደያዘ ልምምድ ስንጀምርና ቅብብላችን ሲሰምር የሚሰማኝ ደስታ ከልጅነቴ አልቀነሰም። ደስታውን የሚበላው ከመስመሩ ውጭ ያለው ነገር ነው። ተጫዋች ካልተሰለፈ የጨዋታ ጉርሻ አያገኝም፤ ውሉ ሲያልቅም የሚያድስለት አይኖርም። ስለዚህ ሕመሙን ይደብቃል። እኔም ባለፈው ወር ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ሳለ ወጌሻው አጥብቆ እንዲያስርልኝ ለምኜ፣ ማስታገሻ ተወግቼ ገባሁ። ዘጠናውን ደቂቃ ጨረስሁ፤ ጫማዬ ግን አልወልቅ ስላለ ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጡልኝ። አጠገቤ የነበረው የ34 ዓመቱ አምበላችን አይቶ ምንም አልተናገረም፤ በአንድ እጁ ጉልበቱ ላይ በረዶ ይዞ፣ በሌላው ስልኩን ከፍቶ የባንክ መልእክት መግባቱን ይመለከት ነበር። አልገባም።

ችግሩ የእኛ ክለብ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ይፋ ባደረገው ጥናት ወደ 14,000 የሚጠጉ ተጫዋቾች ተጠይቀው፣ 41 በመቶው ቀደም ባሉት ሁለት ዓመታት ደመወዛቸው ዘግይቶባቸው እንደነበር ተናግረዋል። በቴሌቪዥን የምታዩአቸው ባለጸጎች ጥቂቶች ናቸው።

ሕግ ግን አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ በፊፋ ደንብ መሠረት፣ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያለ አግባብ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ዕዳው ካልተከፈለው ውሉን ማቋረጥ ይችላል። እኛም በተጫዋቾች ማኅበር ጠበቃ እርዳታ ደብዳቤውን አስገብተናል። ልናስገባ የተነሣነው ስምንት ነበርን፤ የፈረምነው ስድስት ብቻ ነን። ሁለቱ በቃል የተስማሙ ልጆች በመሆናቸው የሚያሳዩት ውል የላቸውም። ከእኛ እኩል እየሮጡ፣ ከእኛ እኩል እየተጎዱ፣ ደመወዛችን ይህ ነው ብለው የሚከራከሩበት ወረቀት ማጣታቸው እንቅልፍ ነስቶኛል።

ወንድሜን አትሂድ አልለውም፤ ችሎታውን አውቃለሁና። ነገር ግን ወኪሉ ወረቀት ሲያመጣ ከመፈረሙ በፊት ገጾቹን ሁሉ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይላክልኝ። ደመወዙ በወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል፣ ቢጎዳ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ እስኪድን ድረስም ክፍያው መቀጠል አለመቀጠሉን ራሱ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ካላየ ብዕር አያንሣ። ፓስፖርቱንም ለማንም አሳልፎ እንዳይሰጥ። እኔ በ19 ዓመቴ ስፈርም ያሳዩኝ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነበር፤ በጉዳት የቀረሁባቸው ሳምንታት ከደመወዜ እንደሚቆረጡ ያወቅሁት ከተቆረጠብኝ በኋላ ነው።

የማስጠንቀቂያው ጊዜ የሚያበቃው በመጪው ሐሙስ ነው። ዓርብ ማታ እደውላለሁ፤ ወንድሜ አጠገብዎ ይሁን።

አክባሪ ልጅዎ