የሌባው ዋጋ

ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋሁት ታምሜ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ያን ምሽት አሌክሳንድሪያ ቤትህ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ለፋንታሲ ቤዝቦል፣ ማለትም እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠን በሜዳ ባስመዘገቡት ቁጥር ለምንወዳደርበት ጨዋታ፣ ተጫዋች ስንመርጥ፣ ሰዓቱ ወደ ዜሮ እየቆጠረ፣ አንተ ስኒህን ረከቦቱ ላይ አስቀመጥክና «ተው፣ ይህ ሰውዬ እግር ብቻ ነው» አልከኝ። አልሰማሁህም። በአራተኛው ዙር ሯጬን ወሰድኩ፤ ከ12 ቡድን 11ኛ ወጣሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። ከዚያ ስትደውል ስልኩን እያየሁ ዝም አልኩ።

የሳትኩት ሒሳቡን ነው። እንደምታውቀው መቺዎቻችን የሚመዘኑት በአምስት ነገር ነው፤ የተሰረቀ ቤዝ (ሯጩ መቺው ሳይመታለት ሮጦ ወደሚቀጥለው ቤዝ መድረሱ) ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ አንደኛ የወጣ 12 ነጥብ ያገኛል። እኔ ደግሞ አንድ ትልቅ ሌባ ከያዝኩ አንዱን ዘርፍ ብቻውን ያሸንፍልኛል ብዬ ነበር። ነገር ግን ሁለተኛው ቡድን 150 ከሰረቀ እኔ 151 ብሰርቅም፣ 190 ብሰርቅም ያው 12 ነው። የተረፈው 39 ቤዝ ለማንም አይሸጥም። ሌባው በተቀመጠበት ቦታ ግን 30 ሆም ረን የሚመታ፣ ኳሱን ከአጥር ውጪ የሚያሳልፍ ሰው ይቀመጥ ነበር።

ሁለታችንም የምናውቀውን ኤስቴሪ ሩዊዝን አስታውስ። በ2023 ለኦክላንድ 67 ቤዝ ሰርቆ የአሜሪካን ሊግ ቀዳሚ ሆነ፤ ሆም ረኑ ግን 5 ነበር። በማግስቱ ዓመት ውድድሩ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ወደ ታችኛው ሊግ አወረዱት፤ የዓመቱ ስርቆቱ 5 ሆኖ ቀረ። በታችኛው ሊግ የሚሮጥ ሌባ ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቢሊ ሃሚልተንም ከ2014 እስከ 2017 56፣ 57፣ 58፣ 59 ሰረቀ፤ እንደ ዕድሜ በየዓመቱ አንድ እየጨመረ! ይሁንና የመጀመሪያውን ቤዝ የሚሰርቅ የለም፤ ወይ መትቶ፣ ወይ ወርዋሪው አራት ጊዜ ስቶለት መድረስ አለበት። ሃሚልተንን የጎዳው የአመታቱ ድክመት ነው።

ደግሞም ገበያው ረክሷል። በ2023 ቤዙን ከ15 ወደ 18 ኢንች አሰፉት፤ ወርዋሪውም ለአንድ መቺ ከሁለት ጊዜ በላይ ሯጩን ለመያዝ ኳሱን ወደ ቤዙ እንዳይወረውር ገደቡት። በአንድ ዓመት ስርቆቱ ከ2,486 ወደ 3,503 ዘለለ። ጤፍ በሞላበት ዓመት የኩንታሉን ዋጋ አንተው ታውቀዋለህ። በ2025 ሁዋን ሶቶ 43 ሆም ረን መትቶ 38 ቤዝ ሰረቀ። ከሊጉ ቀርፋፋዎች የሚቆጠረው ጆሽ ኔይለር ሳይቀር 30 ሰረቀ! ቲቪው ፊት ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከማን ጋር ልስቅ?

በአንድ ነገር ግን አሁንም አልስማማህም። አንተ «ሌባ ጨርሶ አይወሰድም» ትላለህ። በነሐሴ ሦስት ቡድኖች በአሥር ቤዝ ልዩነት ተጠጋግተው ከላይህ ሲቆሙ፣ ማንም ያልፈለገውን የተጠባባቂ ወንበር ሯጭ በነጻ አንስተህ ሦስቱንም ብትዘላቸው ሦስት ነጥብ ነው። ያኔ ሆም ረኑን ማን ይጠይቀዋል? እኔ ሌባን የምጠላው በመጋቢት፣ ተጫዋች ስንመርጥ ነው እንጂ በነሐሴ አይደለም።

እንግዲህ ንገረኝ፤ በ2025 49 ቤዝ ሰርቆ ሁሉንም የበለጠውን ሆሴ ካባዬሮን በስንተኛው ዙር ትወስደዋለህ? እኔ ከ15ኛው በፊት እጄን አልዘረጋም። ስልኬ አልተቀየረም፤ በዚህኛው አነሳለሁ።