ባትሪው አልደከመም
የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ከቤተ ሙከራው ጀርባ የቆመችውን ትንሽ ተሳቢ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አንድ ወላጅ የለገሱን ናት። ዘንድሮ አባሎቻችን በኮምፔንሳቶ ለብጠው፣ መብራት፣ የውሃ ፓምፕና አነስተኛ ፍሪጅ ገጥመውላት በመኪና ተጎትታ የምትሄድ ማደሪያ አድርገዋታል። "መጫወቻ ነው" ሲባል ሰምቻለሁ። መጫወቻ አይደለም። የ10ኛ ክፍል ተማሪ በሰሌዳ ላይ የሚያየው፣ ቮልት፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትና የሽቦ መቋቋም እንዴት እንደሚዛመዱ የሚነግረው የኦም ሕግ እዚያች ውስጥ በእጅ ይዳሰሳል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በዕቅድ፣ በኮሚቴ ምርጫና በቀለም ቅብ አለፈ። አንድ ኪሳራ ደርሶብናል፦ የጀመርንበት የመኪና ባትሪ በሦስት ወር ሞተ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ይሰጣል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ ሲሟጠጥ አይችልም። ይህን አጥተነው አይደለም፤ ለሶላር የሚሆነውን መግዣ ስላልነበረን ነው። በኋላ ተማሪዎችና ወላጆች አዋጥተው 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪና ባለ 100 ዋት ሶላር ፓኔል ገዛን።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። 12 በ100 ሲባዛ 1,200 ዋት-ሰዓት ነው፤ ባትሪው ሲሞላ የሚይዘው ኃይል ማለት ነው፤ ባትሪው እንዲቆይ ግን ከግማሹ በላይ አንነካም። ባለ 5 ዋት አራት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 100 ዋት-ሰዓት ብቻ ይበላሉ። አንዱ ልጅ "ምጣድስ?" አለ። አሠሩት፦ 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ የተፈቀደልንን 600 ዋት-ሰዓት በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ምግብና ቡና በቡታጋዝ፣ ብርሃንና ቅዝቃዜ በባትሪ እንዲሆን ወሰኑ።

በሚያዝያ ወር 19 ተማሪዎች ይዘን ወደ መናገሻ ሱባ ሄድን፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስተከሉት ወደሚባለው የጥድ ደን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ፍሪጁ እየተነሳ ይጠፋ ጀመር። ሁላችንም ባትሪውን ወቀስን፤ እኔም ጭምር። በክበቡ ስብሰባ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ዝም ብላ የቮልት መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አነሳች። ባትሪው ላይ ለካች፤ 12.5 ቮልት። ፍሪጁ ሊነሳ ሲታገል ሶኬቱ ላይ ለካች፤ 10.3። ሁለቱን ቁጥሮች መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች፤ ከዚያ በስልክ መብራት ሽቦውን ተከትላ እስከ ጥጉ ሄደችና፦

"ቲቸር፣ ባትሪው አልደከመም። ሽቦው ቀጭን ነው፤ መንገድ ላይ ቮልቱን እየበላው ነው" አለች።

ሽቦውን የገዛሁት እኔ ነበርኩ፤ በነበረን ብር የተገኘው እሱ ነው። ወፍራም ሽቦ ከየት እናምጣ ስንል መንገዱን እናሳጥረው አለችን። ፍሪጁን ተሸክመን ባትሪው አጠገብ አስቀመጥነው፤ አምስት ሜትሩን ሽቦ ወደ አንድ ሜትር ቆረጠችው። እስኪነጋ አልጠፋም። ጠዋት ፀሐይ ጥዱን አልፋ ፓኔሉ ላይ ስታርፍ ልጅቷ ቁጥሩ ሲጨምር ቆማ ታይ ነበር። በ14 ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንደዚያ ጠዋት የተደሰትኩበትን አላስታውስም።

ለስፖርት ክበባት ማልያ በየዓመቱ ይገዛል፤ ደስ ይለናል። የእኛ ጥያቄ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ወፍራም ሽቦ 20 ሜትር፣ ፊውዞችና አንድ ተጨማሪ ባትሪ ነው። ወላጆች፣ ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተሳቢዋ ዘንድ ነን። መጥታችሁ እዩ፤ ቴስተሩን የምታስይዛችሁ እሷ ናት።