ሲስተም ሲጠፋ ከመስኮቱ ዞር እንድንል ይፈቀድልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በደብረ ማርቆስ ከተማ በሚገኝ አንድ ባንክ በገንዘብ ከፋይነት መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በሥራ ቦታ ስለሚደርስብን ጭንቀት ስናነሣ የምንሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ቻይው»፣ «ትለምጂዋለሽ» ከሚለው አያልፍም። እኔ ግን በራሴ ላይ ሞክሬ የጠቀመኝን አንድ ነገር፣ ይኸውም ትንፋሽን በሥርዓት መምራትን፣ ለሥራ ባልደረቦቼም ሆነ ለአሠሪዎቻችን ሳላካፍል መቅረት ስለከበደኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ጤፍ ተወቅቶ ለገበያ በሚወጣበት ሰሞን የእኛ ሰልፍ ከበር ውጭ ይደርሳል። ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ ባለ አንድ ቀን ሲስተም ጠፍቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሲመለስ፣ ከንጋት ጀምሮ የቆመው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ መስኮቴ በተጠጋበት ሰዓት፣ አንድ እስር ባለ 100 ብር መክፈል ሲገባኝ አንድ እስር ባለ 200 ብር አውጥቼ ሰጠሁ። አንድ እስር 100 ቅጠል ነውና ማታ ሒሳብ ስዘጋ የጎደለብኝ 10,000 ብር ሆነ። ጉድለቱ በየወሩ ከደመወዜ እየተቆረጠ ተከፈለ። ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ጠዋት ካዝናው ሲከፈት ጣቶቼ በረዶ ይሆናሉ፣ አንዱን እስር ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስቱንም ጊዜ አላምነውም፣ ሌሊት ተኝቼ እንኳ አውራ ጣቴ ብር ይቆጥር ነበር።

ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሹም አጥሮ ከደረት በላይ ብቻ የሚመላለስ ይሆናል። ይህ በመንገድ ላይ ጅብ ለገጠመው ሰው ነፍስ አድን ነው፤ ብር ለሚቆጥር ሰው ግን ጠንቅ ነው፤ ምክንያቱም ልቡና አደጋ ከየት ይመጣ ይሆን እያለ ሲያማትር ከፊቱ ያለውን ቁጥር ይስታል። ልባችን ቀስ ብሎ እንዲመታ፣ ላባችንም እንዲቆም ማዘዝ አንችልም። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በፈቃዳችን ልንይዘው የምንችለው ትንፋሽን ነው። አየር ስናስገባ የልብ ምት በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ደግሞ ይዘገያል፤ የማዘግየቱን መልእክት ከአንጎል ወደ ልብ የሚያደርሰውም ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ስለዚህ የማስወጫውን ጊዜ ያስረዘመ ሰው ልቡን በተዘዋዋሪ መንገድ ያረጋጋል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «በረጅሙ ተንፍሽ» ሲሉን ደረታችንን ነፍተን፣ ትከሻችንን ሰቅለን አየር መሳብ ይመስለናል። እንዲያውም በጭንቀት ላይ ያለ ሰው ደጋግሞና አብዝቶ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በታች ይወርድና ማዞር፣ የጣትና የከንፈር መደንዘዝ ይከተለዋል፤ ይህም ራሱ ሌላ ድንጋጤ ይወልዳል። አማርኛችን ነገሩን ቀድሞ የተረዳው ይመስለኛል። ጎማ ተነፈሰ፣ ሰው ብሶቱን ተነፈሰ ስንል የያዘውን አወጣ ማለታችን ነው፤ «እፎይ» የሚለው ቃልም ከአፋችን የሚወጣው አየር ስናስወጣ እንጂ ስናስገባ አይደለም።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ እቀመጥና አንድ እጄን ከእምብርቴ ከፍ ብሎ አሳርፋለሁ፤ በአፍንጫዬ እስከ አራት እየቆጠርኩ እስባለሁ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። ይህ አንዱ ዙር አሥር ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ በደቂቃ ስድስት ጊዜ መተንፈስ ማለት ነው፤ አንድ ጤነኛ አዋቂ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ግን በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። አሥራ ሁለት ዙር ስጨርስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይሆናል። በመካከሉ ሐሳቤ ወደ ሰልፉ ወይም ወደ ቤቴ ሲሄድብኝ ራሴን ሳልወቅስ ወደ ቁጥሩ እመልሰዋለሁ፤ ትኩረቴን ያጠናከረልኝም ይህ ሄዶ መመለስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ አላየሁም። ከወር በኋላ ግን የቆጠርኩትን እስር አንድ ጊዜ ደግሜ አምኜው አስቀምጠው ጀመር።

ሆድን ማንቀሳቀስ እንጂ ትከሻን ማንሣት እንደማይገባ ያስተማሩኝ ጎረቤታችን የነበሩ የዜማ መምህር ናቸው። ትከሻውን የሚሰቅል ተማሪ ዜማውን ሳያደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል ይሉ ነበር። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ የትንፋሽ ልምምድ ከባዕድ አምልኮ ጋር የተያያዘ መስሏቸው ሲሸሹት አይቻለሁ። ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከላይ የገለጽኩት በቁጥር የሚመራ የሳንባና የልብ ሥራ ነው፤ ከማንም እምነት ጋር አይጋጭም። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ ማንም ቢሆን ማዞር ከተሰማው ወደ ተለመደው አተነፋፈሱ ይመለስ።

ይህን ስል ግን ትንፋሽ የሥራ ጫናን መቀነስን ይተካል እያልኩ አለመሆኑን አሠሪዎቻችን እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ከሥራ ጫና የሚመጣውን ዝለት የመዘገበው እንደ ሰውየው በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። በሁለት ሰው የሚሠራ ሥራ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ «ተንፈስ በይ» ቢባል ምክሩ ስድብ ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በገበያ ሰሞን ከፍ ያለ ክፍያ ከመስኮት ከመውጣቱ በፊት በሁለተኛ ሰው እንዲቆጠር ነው። ሁለተኛው፣ ሲስተም ሲጠፋ ገንዘብ ከፋዮች ሰልፉን ፊት ለፊት እያዩ ከመቀመጥ ይልቅ ተራ በተራ ከመስኮቱ ዞር ብለው ለጥቂት ደቂቃ እንዲያርፉ፣ በዚያ ጊዜም ስለ መዘግየቱ ለደንበኛው የሚያስረዳ ሌላ ሠራተኛ ከፊት እንዲቆም ነው። ለሁለቱም አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ፈቃድ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜ እንዲቆይልኝ የምጠይቅ ገንዘብ ከፋይ
ከደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም