የአብሳዩ ስም የታለ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ብሔራዊ ቡድን ሲሸኝ የልዑካኑን ዝርዝር እስከ መጨረሻው አነባለሁ። አሠልጣኝ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ቡድን መሪ አለ። አብሳይ ግን እስካሁን ዓይኔ አልገባም።

እኔም በልጅነቴ ሮጫለሁ። አንዴ ውጭ ወጥቼ ተወዳድሬያለሁ፤ የት እንደሆነ ይቅር። የሆቴሉ ምግብ መጥፎ አልነበረም፣ ብቻ አናውቀውም። አንድ ነጭ ወጥ ነገር ነበር፤ ሽታው እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ሁለት ቀን በዳቦና በሙዝ ቆየን። በሦስተኛው ቀን ማታ ሆቴል ክፍል የተጋራኝ ጓደኛዬ እናቱ በላስቲክ የቋጠሩለትን በሶ ከሻንጣው ሥር አወጣ። ማንኪያ የለም። በመታጠቢያ ቤቱ ብርጭቆ፣ በጥርስ ብሩሽ እጀታ በጠበጥነው። የኮልጌት ጣዕም ነበረው። በማግሥቱ ስንሮጥ ሁለተኛው ዙር ላይ ጉልበቴ ክድት አደረገኝ።

ይሄ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ ፓሪስ 2024ን ያስታውስ። የአትሌቶች መንደሩ በቀን ወደ 40 ሺህ ምግብ ያቀርብ ነበር። ያም ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቁላልና ዶሮ አነሰ ተብሎ አቤቱታው በረከተ። እንግሊዞች የራሳቸውን ሼፍ አስመጡ። ኮሪያውያንማ ቀድመው አስበውበታል። አብሳዮቻቸውን ከአገራቸው ይዘው ፓሪስ አቅራቢያ ፎንቴንብሎ ላይ ኩሽና ከፈቱ፣ ለልጆቻቸውም ምሳ በዕቃ ቋጥረው ይልኩ ነበር።

የእኛ ነገር ደግሞ ጾምም አለበት። ፓሪስ ውድድሩ ሳያልቅ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። ታምራት ቶላ በማራቶን በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የሰበረው ነሐሴ 4 ነው። በ2025 ቻይና ናንጂንግ ላይ በተካሄደው የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮናም ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። ማን ጾመ፣ ማን አልጾመ የልጆቹ ጉዳይ ነው። የሚጾም ካለ ግን የትኛው ምግብ ቅቤ ወይም ወተት እንደነካው የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ፓሪስ ብዙዎች አትክልት በዛብን ብለው ሲያማርሩ፣ ለጾመኛ ሠርግና ምላሽ በሆነ ነበር። መለያውን አንብቦ የሚያስረዳ ከተገኘ ማለቴ ነው።

እንጀራ ያልበላ ሐበሻ አይሮጥም የሚሉትን ግን አልደግፍም። ለውድድር ዋዜማ በርበሬ የበዛበት ወጥ ማን ይመክራል? ፓስታና ሩዝ ይበቃል። ልጆቹ አዲስ አበባም የሚበሉት እሱኑ ነው። ቁም ነገሩ ሆዳቸው በለመደው መንገድ መሠራቱ ነው። ደግሞ የውጭ ወገኖቻችን በፍቅር ሆቴል ድረስ የሚያመጡትን ምግብ እንቢ ማለት ይከብዳል፤ ግን ከየት ወጥ ቤት፣ ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት። ለአራት ዓመት ልፋት አንድ የሆድ ቁርጠት ይበቃዋል።

የማራቶኑ መጠጥም አለ። በየ5 ኪሎ ሜትሩ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ አትሌቱ የራሱን ጠርሙስ ማስቀመጥ ይችላል። ባለሙያዎች በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመክራሉ። ሆድ ይህን በአንድ ጠዋት አይለምድም። ሰንዳፋ ልምምድ ላይ፣ በረጅም ሩጫ ቀን እየተለማመዱት፣ ወራት ይፈጃል። ጠርሙሱን ማን ይበጠብጣል፣ ስንት ማንኪያ ያደርጋል፣ ለማን የቱ ይስማማል? ይህን የሚያውቅ የሥነ ምግብ ባለሙያ ከአብሳዩ ጋር አብሮ ይጓዝ።

ቀጣዩ ኦሊምፒክ 2028 ሎስ አንጀለስ ነው። እዚያ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትንሿ ኢትዮጵያ የሚባል ሰፈር አለ፣ ምግብ ቤቶቹ የእኛው ናቸው። ምጣድ አያስቸግርም፣ ሽሮም አይጠፋም። ከወዲሁ አንድ ኩሽና መነጋገርና የሁለት ሰው ትኬት መቁረጥ ነው። ዝርዝሩ ሲወጣ አሁንም እስከ መጨረሻው አነባለሁ።

አንድ የቀድሞ ሯጭ
ከአሰላ