የቴአትር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ኢያጎ ያላለው

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው ዘግይቶ ነው። የአዳራሹ ጣሪያ ሲጠገን ስለ ቆየ እስከ ኅዳር ድረስ የምንሰበሰብበት ስፍራ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ የሠራናቸውን ጥቃቅን ሥራዎች በአንድ ትንፋሽ ልዘርዝርና ልለፍ። ለዓለም የኤድስ ቀን አጭር ጭውውት አቅርበናል፤ ለዓድዋ በዓል ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር ግጥም አንብበናል፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግኞቹን ሲያጥር እንጨት ተሸክመናል። የቀረው ጊዜያችንና ጉልበታችን፣ ጭቅጭቃችንም ጭምር፣ የዋለው በአንድ ተውኔት ላይ ነው። ኦቴሎን ሠራን።

ለምን ኦቴሎ ተመረጠ ብለው የጠየቁኝ ባልደረቦች ስላሉ እዚሁ ልመልስ። ክበቡ ባለፉት ዓመታት ያቀረባቸው ድራማዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ክፉ ሰው ነበራቸው። ገና ከመጋረጃው ብቅ ሲል ተመልካቹ ያውቀዋል፤ ጢሙን ያሻሻል፣ ለብቻው ይስቃል፣ መጨረሻ ላይ ፖሊስ ይወስደዋል። ልጆቹ ክፋት ሁልጊዜ እንዲህ ራሱን አስተዋውቆ የሚመጣ እንዳይመስላቸው ፈለግሁ። በኦቴሎ ውስጥ ቤቱን ሁሉ የሚያፈርሰው ሰው፣ የተጨነቀ ሁሉ ሮጦ የሚያማክረውና ጌታውም ባልንጀራውም «ታማኙ ኢያጎ» እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው።

ሼክስፒር ይህን አሳዛኝ ተውኔት የጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1603 ወይም በ1604 ገደማ ሲሆን፣ በ1604 በንጉሥ ጄምስ ፊት በቤተ መንግሥት መታየቱ ተመዝግቧል። ታሪኩን የወሰደው ጂራልዲ ቺንቲዮ የተባለ ጣልያናዊ በ1565 ካሳተመው መድበል ነው። እኛ የተጠቀምነው የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የአማርኛ ትርጉም ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ያለው አንድ ቅጂ ብቻ፣ ያውም ገጹ የላላ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ተዋናይ ድርሻውን በእጁ ገልብጧል። አማርረዋል፤ እኔ ግን አላዘንኩላቸውም። በራሱ እጅ የጻፈውን ቃለ ተውኔት መድረክ ላይ የረሳ አልነበረም።

ኢያጎ የተነሣበትን ነገር ለተማሪዎች ማስረዳት እንደ ፈራሁት አልከበደም። ኦቴሎ የቬኒስ ጦር አዛዥ ነው። ምክትሉ አድርጎ የሾመው ከፍሎሬንስ የመጣውን ካሲዮን ነው፤ ካሲዮ ደግሞ በኢያጎ አባባል ጦርነትን ከመጽሐፍ እንጂ ከሜዳ የማያውቅ ወጣት ነው። በየዘመቻው አብሮ የዋለው ኢያጎ ባንዲራ ያዥ እንደ ሆነ ቀረ። ይህን ስናገር ከኋላ የተቀመጠ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ፊታውራሪነት ሲጠብቅ ባለበት የቀረ ሰው ማለት ነዋ!» አለ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነግሠው መናገሻቸው ባደረጓት በደብረ ማርቆስ ያደገ ልጅ፣ ሹም ሽር ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ ከአያቱ ሰምቶታል።

ነገር ግን «ሹመት ቀረበት፣ ተበቀለ» ብለን ብንዘጋው ተውኔቱ አያልቅም ነበር፤ ክበቡ ውስጥ ረጅሙ ክርክር የተነሣውም ከዚሁ ነው። ኢያጎ መጀመሪያ ሹመቱን ያነሣል። ቆየት ብሎ ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ታምቷል ይላል፤ እውነት መሆኑን አያውቅም፣ እንደ እውነት እቆጥረዋለሁ ግን ይላል። ከዚያ በሚስቱ ካሲዮንም ይጠረጥራል። የኦቴሎን ሚስት ዴዝዴሞናን እኔም እወዳታለሁ የሚልበት ቦታ አለ። ወደ መጨረሻው ደግሞ የካሲዮ ኑሮ ውብ ስለ ሆነ የእኔን አስቀያሚ ያደርገዋል ይላል። አንድ ተማሪ ላረፈደበት አምስት ምክንያት ሲያቀርብልኝ አንዱንም እንደማላምነው ሁሉ፣ የኢያጎም ምክንያት መብዛቱ አጠራጠረን። ክርክሩን ያጠበበው ደግሞ ጽሑፉ ራሱ ነው። በሦስተኛው ገቢር መጨረሻ ኦቴሎ ኢያጎን ምክትሌ አድርጌሃለሁ ይለዋል። የተመኘው ሹመት እጁ ገባ፤ ካሲዮም ወርዷል። ሰውየው ግን አይቆምም! ኢያጎን የሚጫወተው ልጅ ይህን ሲያነብብ ደብተሩን ዘግቶ «ታዲያ የሚፈልገው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእኔ የሚመስለኝ፣ ሹመቱን የፈለገው ሊይዘው ሳይሆን ሌላው እንዳይዘው ነው። ልጁ በዚህ አልተስማማም፤ ኢያጎን የተጫወተው በራሱ ግምት ነው፣ ምን እንደ ገመተም እስካሁን አልነገረኝም።

ሚና ስናከፋፍል ትንሽ ግርግር ተነሥቶ ነበር። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ የክበቡ ልጆች ይስቁብኛል። ኦቴሎን የተመኘ አንድ ተማሪ ሮድሪጎ ሲደርሰው፣ ሚናው የተሰጠው በዝምድና ነው ብሎ በአዳራሹ መካከል ቆሞ ተናገረ። ብዙዎች ደነገጡ፤ እኔ ደስ አለኝ። የፈለገውን ነገር በሰው ፊት የሚጠይቅና የከፋውን በግልጽ የሚናገር ሰው ኢያጎ ሊሆን አይችልም። ሮድሪጎን ተቀበለ፤ በየትዕይንቱ ገንዘቡን እየሰጠ የሚታለለውን ያን ሀብታም ሞኝ አድርጎ ተመልካቹን ከሁሉም በላይ ያሳቀው እርሱ ነው።

አስቸጋሪው ሥራ የሦስተኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት ነበር። ኦቴሎ ሲገባ ሚስቱን የሚወድ ሰው ነው፤ ሲወጣ ከካሲዮ ጋር ትወሰልታለች ብሎ አምኖ ሊገድላት ወስኗል። ድብድብ የለም፣ ደብዳቤ አልተጠለፈም፣ ምስክር አልቀረበም፤ ሁለት ሰዎች ቆመው ያወራሉ። ኦቴሎን የሚጫወተው ተማሪ ድምፁ አዳራሽ የሚሞላ ልጅ ነው፤ ችግሩ ኢያጎ አፉን ሳይከፍት ፊቱ መጥቆሩ ነበር። የሚሆነውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ አያዳምጥም። ስለዚህ አንድ ልምምድ ፈጠርን። ኢያጎ ዓረፍተ ነገሩን በፈለገበት ቦታ ይቆርጠዋል፤ ኦቴሎ የቀረውን ከራሱ ይጨርሳል። ያየነው ነገር ሁላችንንም አስገረመን። ኦቴሎ የሚጨምረው ሁልጊዜ ኢያጎ ሊል ካሰበው የከፋ ሆነ!

ተውኔቱም የተሠራው እንዲሁ ነው። ካሲዮ ከዴዝዴሞና ተሰናብቶ ሲሄድ ኢያጎ ይህን አልወደድኩትም ይላል፤ ምኑን ሲባል፣ ምንም አይደለም ይላል። ካሲዮ ታማኝ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ጥያቄውን ራሱን መልሶ ይደግመዋል። ምን ታስባለህ ሲባል፣ ምን አስባለሁ ይላል። ኦቴሎ ራሱ፣ እንደ ገደል ማሚቶ ቃሌን ትመልስልኛለህ፣ ልታወጣው የማትፈልገው አስፈሪ ነገር በልብህ ያለ ይመስላል ይለዋል። ኢያጎ እንዲያውም ከቅናት ተጠንቀቅ ብሎ ይመክረዋል! ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ምክር ነው።

ከክበቡ አባላት አንዱ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት ቅኔ ቤት የቆየ ልጅ ነው። ሌሎቹ የኢያጎን ንግግር ሰምና ወርቅ ነው ሲሉ እርሱ አልተቀበለም። «ቅኔ የሚቀኝ ሰው ወርቁን አስቀምጦ ነው የሚሰጥህ፤ ብትቆፍር ታገኘዋለህ። ኢያጎ ያስቀመጠው ነገር የለም። ሰሙን ብቻ ይሰጥና ወርቁን ኦቴሎ ራሱ እንዲያመጣ ያደርገዋል» አለን። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር መምህር መሆን እንዲህ ያለ ጥቅም አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልምምድ ላይ ኦቴሎ ሲጮህ «ወርቅ አታምጣ!» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር።

ሙሉ ውሸት መናገር ኢያጎ ብዙም አያስፈልገውም፤ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ እውነት ይበቃዋል። ዴዝዴሞና አባቷን ሳታስፈቅድ ነው ኦቴሎን ያገባችው። አባቷ ብራባንሾ የቬኒስ ምክር ቤት አባል ነው፤ የልጁን ባል እስኪያገባት ድረስ ቤቱ እየጠራ ያስተናግደው ነበር፤ ለአማችነት ሲመጣ ግን አስማት አድርጎባት ነው አለ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፊታውራሪ መሸሻን የሚያውቅ የጎጃም አንባቢ ይህን ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ሲሸነፍ ጥሎት የሄደው ቃል፣ አባቷን አታልላለች፣ አንተንም ልታታልል ትችላለች የሚል ነው። ኢያጎ ይህን ቃል ይይዝና ኦቴሎ በዘመተባት በቆጵሮስ ያወጣዋል። ሌላም ይጨምርበታል፤ የአገሬን ሴቶች እኔ አውቃቸዋለሁ፣ ለባላቸው የማያሳዩትን ለእግዚአብሔር ያሳያሉ ይላል። ኦቴሎ ጥቁር ሰው ነው፣ በቬኒስ እንግዳ ነው፤ ከተማዪቱ ኦቶማኖችን ለመመከት ትፈልገዋለች፣ ለጋብቻ ግን አልተዘጋጀችለትም። የሚስቱን አገር ልማድ በተመለከተ የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ ያለው ኢያጎ ብቻ ነው። አዛዡን ለምን ሞኝ አደረጉት ለሚሉ ሰዎች መልሴ ይህ ነው።

በመሐረቡ ነገር ላይ ሴቶቹ ተማሪዎች ከወንዶቹ የበለጠ ጠንቃቆች ነበሩ። መሐረቡ ኦቴሎ ለዴዝዴሞና የሰጣት ስጦታ ነው። ኦቴሎ ራሱን ሲያመው ልታስርለት ታወጣዋለች፣ እርሱ ይገፋዋል፣ ይወድቃል፤ ኤሚሊያ አንሥታ ለባሏ ለኢያጎ ትሰጠዋለች፤ እርሱ ካሲዮ ቤት ይጥለዋል። አንዲት ተማሪ ደግሞ እኔም ያላስተዋልኩትን አገኘች። ኦቴሎ መጀመሪያ መሐረቡን ለእናቴ የሰጠቻት አንዲት ግብፃዊት ናት ይላል፤ በመጨረሻው ገቢር አባቴ ለእናቴ የሰጣት ነው ይላል። ሚስቱን በዚያ ጨርቅ የሚከስስ ሰው የጨርቁን ታሪክ ራሱ አስተካክሎ አይናገርም። ሌላዋ ደግሞ ቀኑን ቆጠረች። ዴዝዴሞናና ካሲዮ ወደ ቆጵሮስ የመጡት በየተለያየ መርከብ ነው፤ ከደረሱ በኋላ ያለው ሁሉ የሚያልቀው በሁለት ሌሊት ውስጥ ነው። «ታዲያ መቼ?» አለች። ይህን ጥያቄ በመድረኩ ላይ የሚጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሷም ኤሚሊያ ናት። በየት ቦታ፣ በምን ጊዜ፣ በምን ምልክት ብላ ትሟገታለች።

ኤሚሊያ የክበቡ ተወዳጅ ሆነች። ንጹሕ አይደለችም፤ መሐረቡን የሰጠችው እርሷ ናት፣ ስትጠየቅም አላውቅም ብላለች። በአራተኛው ገቢር ግን፣ ይህን ስም ማጥፋት የፈጠረ ሹመት ፈላጊ የሆነ አታላይ ካልሆነ እኔ ልሰቀል ትላለች፤ ባሏ አጠገቧ ቆሟል። እንዲህ ያለ ሰው የለም ይላታል። በወላጆች ቀን፣ በግንቦት፣ ይህ ቦታ ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ዝምታ ነበር የጠበቅሁት። አሁን ሳስበው ተመልካቹ ልክ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ኦቴሎ ሚስቱን በነገር ሲወጋት፣ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «ኧረ ምን አደረግሽ ብለህ ጠይቃት፣ ልጄ!» ብለው ጮኸዋል። ተዋናዩ አልተደናገጠም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

የግድያውን ትዕይንት ከመጋረጃ በስተጀርባ ያደረግነው ከወላጅ፣ ከተማሪና ከመምህር ኅብረት ጋር ተነጋግረን ነው። ኅብረቱ ጨርሶ እንዲወጣ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ከወጣ ተውኔቱ የፍቅር ታሪክ መስሎ ያልቃል ብዬ ተከራከርኩ። ከትርኢቱ በኋላ በተደረገው ውይይት የሆነው ክርክሬን ደገፈልኝ። አንድ እንግዳ፣ ኦቴሎ ራሱ እንዳለው ጥፋቱ አብዝቶ ማፍቀሩ ነው ሲሉ፣ ኤሚሊያን የተጫወተችው ተማሪ እጇን አውጥታ ያ ቃል የገዳዩ የራሱ ቃል እንደ ሆነ፣ ሟቿ ግን እንዳልተጠየቀች ተናገረች። ኦቴሎ በዚያ ንግግሩ መጀመሪያ የሚያነሣው ለመንግሥት የሠራውን ውለታ መሆኑንም አስታወሰቻቸው። እንግዳው ፈገግ ብለው ተቀመጡ።

ስለ ንብረት፦ የተዋስነው ጋቢና ካባ ሁሉ ለባለቤቶቹ ተመልሷል፤ አንዱ ጎራዴ እጀታው ስለ ላላ በጥገና ላይ ነው። በእጅ የተገለበጡት ድርሻዎች ተሰፍተው ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። ለሚቀጥለው ዓመት ዘንድሮ የዘለልናቸውን ትዕይንቶች ጨምረን ተውኔቱን በሙሉ እናቀርባለን፤ አዲስ አባላት በመስከረም በሚኒ ሚዲያ ክፍል ይመዘገባሉ። ኢያጎን ለመጫወት ከአሁኑ ስማቸውን የሰጡኝ ልጆች ብዙዎች ናቸው፤ ሴቶችም አሉበት። ዘንድሮ ኦቴሎ የነበረው ተማሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ይሄዳል፤ በእርሱ ቦታ እስካሁን የተመዘገበ የለም።