የበርጋ የጥበቃ ጎጆ ፈርሷል፤ ሐምሌ ሳይገባ ድረሱልን

ለበርጋ ተወላጆችና ወዳጆች በሙሉ፤

ዳግመኛ እጃችንን ስንዘረጋ እንደምናፍር አስቀድመን እንናገር። በበርጋ ሜዳ የምትራባውን ክንፈ ነጯን ወፍ ለመጠበቅ በጥር ያወጣነው የገንዘብ ጥሪ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ክረምቱ ግን አይጠብቀንም።

በነሐሴው በረዶ የጥበቃ ጎጇችን ጣሪያ ተደረመሰ። ማገሩን ምስጥ በልቶት ኖሮ ቆርቆሮው ከነምስማሩ ወረደ። ሰው አለመጎዳቱ ተመስገን ነው። ጠባቂዎቹ የቀረውን ክረምት በላስቲክ ሥር አደሩ፤ ሁለቱ ታመው ሥራውን ተዉ። በዚያው ሰሞን በወደቀው አጥር በኩል ከብት ገብቶ ሣሩን ረገጠው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክንፈ ነጯ ወፍ የምትራባው በሐምሌና በነሐሴ፣ ሜዳው ውኃ ሲይዝ ነው፤ ጎጆዋም እዚያው ቄጠማው መሀል ነው፣ የከብት ኮቴና ማጭድ የሚደርስበት ቦታ። በፈረንጆች 2013 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገባች። በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱት ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። በደቡብ አፍሪካም እንደምትፈለፍል በካሜራ የተረጋገጠው በፈረንጆች 2018 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የምትታወቀው የመራቢያ አገሯ የእኛው ደጋ ብቻ ነበር።

«ወፏን ማን አየ? ብሩስ የት ገባ?» የሚል ወሬ ደርሶናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከጀርባችን መጠየቁ ነው ያስከፋን። ወፏ ከድንቢጥ እምብዛም አትበልጥም፤ ከሣር ውስጥም አትወጣም። ብትነሣ እንኳ ነጩ ክንፏ ብልጭ ይልና ጥቂት እርምጃ ርቃ ተመልሳ ትሰወራለች። በሣሩ ላይ ገመድ እየጎተትን ብናስስ ትነሣልን ይሆናል፤ እንቁላል ታቅፋ ሳለ ግን ጎጆዋን ማስጣል ነው፤ ጠባቂዎቻችንን የከለከልነውም ለዚህ ነው። «ታየች» የሚለው ቃል በመዝገባችን ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢገኝ አትፍረዱብን።

ብሩ የገባው ሣሩ ውስጥ ነው፦ እስከ መስከረም ሳያጭዱና ሳያስግጡ ለታገሡን አባወራዎችና እማወራዎች ካሳ፣ ለጠባቂዎች አበል፣ ለቦቲ፣ ለባትሪ። ኮሚቴው የሻይ እንኳ አልወሰደም። ደረሰኙ ተጠርዞ ተቀምጧል፤ የፈለገ መጥቶ ያገላብጥ።

ልጆቻችን የሚማሩበት ትምህርት ቤት በዚችው ወፍ ምክንያት ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ድጋፍ መሠራቱን ታውቃላችሁ። ባዕድ ያሰበላትን እኛ እንዴት እንተዋት? ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም የሚያስተምረን አንድ ነው፤ አፍ የሌለውን ፍጡር መጠበቅ ጽድቅ ነው።

አሁን የሚያስፈልገን ቆርቆሮ፣ አጣና፣ ምስማርና የአንድ ክረምት አበል ነው። ገንዘብ በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ አስገቡ። ቁጥሩ ማኅተማችን ባረፈበት ደብዳቤና በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አለ። በስልክ ደውሎ ወይም በራሱ ስም ለሚጠይቃችሁ አትስጡ፤ ባለፈው የሆነውን አንረሳውም። ደግመን እንላለን፦ በኮሚቴው ስም፣ ሦስት ፈራሚ ባለው ሒሳብ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ።

ገንዘብ ያልያዘ ጉልበት ይያዝ። ጎጆውን የምንሠራው በግንቦት በደቦ ነው፤ መዶሻ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የእኛ አንድ ብቻ ነው፣ እጀታውም ተሰብሯል።

ኮሚቴው

(ሒሳቡ በኮሚቴው ስም ነው፤ በግለሰብ ስም አይደለም።)